ሚኒባስ ውስጥ የሚገባ ቀስት፦ ሦስት ቦታ የሚፈታ ረጅም ቀስት አሠራር

ረጅም ቀስት ቁመቱ ከሰው ቁመት ጋር ይስተካከላል። 168 ሴንቲ ሜትር እንጨት ይዞ ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ በሚኒባስ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚገጥመው መገመት ቀላል ነው። ረዳቱ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ የሁለት ሰው ሂሳብ ይጠይቃል። ስለዚህ ቀስቱ ይፈታ። እጀታው ለብቻ፣ ከእጀታው በላይና በታች ያሉት የሚታጠፉት ሁለቱ ክንፎች ለብቻ። ሲፈታ ትልቁ ቁራጭ 68 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የስፖርት ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም።

እኔን ወደዚህ ሥራ የሳበኝ ግን ሌላ ጥቅሙ ነው። አንድ ወጥ ቀስት ላይ አንድ ክንፍ ከተሰነጠቀ ሥራው በሙሉ ገደል ገባ ማለት ነው። የሚፈታው ላይ ክንፉን ትጥሉና ሌላ ትሠራላችሁ፣ እጀታው እንዳለ አለ። በዚያ ላይ ቀጥ ያለና ንጹህ 170 ሴንቲ ሜትር እንጨት ማግኘት ከባድ ነው፤ 70 ሴንቲ ሜትር ግን ከቁራጭ ክምር ውስጥም ይገኛል። ታዲያ ክንፍ የሚደገም ነገር ከሆነ፣ ጥንቃቄያችሁን ማፍሰስ ያለባችሁ የማይደገመው ላይ ነው፤ እጀታውና ክንፉ የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል። ክንፉን ሲያሳምር ይከርምና ብሎኑን በአንድ ከሰዓት በእጅ ትራፓኖ በሳ በሳ አድርጎ ይገላገላል።

መጀመሪያ ልክ

ቀስቱን እስከ ምን ድረስ እንደምትስቡ ለማወቅ ሁለት እጃችሁን ወደ ጎን ዘርጉ፣ ሰው ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ይለካችሁ፣ ውጤቱን ለ2.5 አካፍሉት። እጁ ሲዘረጋ 170 ሴንቲ ሜትር የሚሞላ ሰው 68 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይስባል። ለእሱ 168 ሴንቲ ሜትር ቀስት በደንብ ይበቃዋል። አጭር ቀስት ብዙ ከተሳበ እንጨቱ ከአቅሙ በላይ ይታጠፋል፤ ከዚያ ወይ ጎብጦ ይቀራል ወይ ይሰበራል።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። እጀታው 46 ሴንቲ ሜትር። እያንዳንዱ ክንፍ 68 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚህ ውስጥ 7ቱ እጀታው ላይ ይተኛል፣ 61ዱ ውጭ ይቀራል። 46 እና ሁለት ጊዜ 61፣ በድምሩ 168። የክንፉ ስፋት እጀታው ጋ 40 ሚሊ ሜትር፣ ጫፉ ላይ በመጨረሻ 14 ይሆናል። ለጊዜው ግን ጫፉን 20 አድርጋችሁ ተዉት። ምክንያቱን ብሎን ስንበሳ ታዩታላችሁ።

የቀስት ጉልበት በፓውንድ ነው የሚነገረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ 28 ኢንች ማለትም 71 ሴንቲ ሜትር ተስቦ። ለመጀመሪያ ቀስት ከ30 እስከ 35 ፓውንድ አስቡ፤ በኪሎ ከ13.6 እስከ 16 ገደማ ነው። ጓደኛ ፊት “50 ፓውንድ ነው” ማለት ደስ ይላል፣ እሺ፣ ግን ትንሽ ተስቦ ትከሻ የሚያንቀጠቅጥ ቀስት መጨረሻው ግድግዳ ላይ መሰቀል ነው።

እንጨቱ

ውጭ አገር አብዛኛው የሚፈታ ቀስት ክንፉ ፊትና ኋላው በፋይበር ግላስ የተለበጠ ነው። ለቀስት የሚሆነው ግላስ ክሩ በሙሉ በቁመት የተኛ ነው። ለውሃ ታንከርና ለመኪና ቦዲ የሚውለው ክሩ ተቆራርጦ በየአቅጣጫው የተበተነ ስለሆነ እዚህ ጋ አይረባም፣ ክብደት ከመጨመር በቀር። የኛ ግላስ ቀርከሃ ነው። ደጋማው፣ ከእንጅባራና ከሲዳማ በኩል የሚመጣው፣ ውስጡ ባዶ ነው፤ ቆላማው፣ ሽመል የሚባለው፣ ከአሶሳ በኩል የሚመጣው፣ አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ነው። ሽመል ጠንካራ ነው፣ ማንም አይክድም። ግን ግንዱ ቀጭን ስለሆነ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስንጥቅ ስታወጡለት በጣም ክብ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ እኔ ወፍራም የደጋ ቀርከሃ እመርጣለሁ፤ ሰፊና ጠፍጣፋ ስንጥቅ ይሰጣል።

ቀርከሃ ሶፋና አጥር ከሚሠሩ ልጆች ዘንድ ሂዱና የበሰለውን ጠይቁ። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ይሁን። ለጋው ውስጡ ስታርችና ውሃ የሞላ ስለሆነ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ነቀዝም ይወደዋል። በበጋ የተቆረጠ ከሆነ ይሻላል። የላይኛው ቆዳ ላይ ጭረትና የቢላ ምልክት ካለ አትግዙ፣ ምክንያቱም ቀስቱ ሲታጠፍ የሚለጠጠው ያ ቆዳ ነው። ለሁለቱ ክንፎች የሚሆኑትን ስንጥቆች ከአንድ ግንድ፣ ጎን ለጎን ካሉ ቦታዎች አውጡ። እህትማማች ክንፎች ሲሆኑ ኋላ ማመጣጠን በግማሽ ይቀላል።

ከመግባባት እንነሳ፦ ወደ ዒላማው የሚያየውን የክንፍ ፊት ጀርባ፣ ወደ ተኳሹ የሚያየውን ሆድ እላለሁ። ጀርባው ይለጠጣል፣ ሆዱ ይጨመቃል። ቀርከሃ በመለጠጥ ብርቱ ነው። ሆዱ ደግሞ መጨመቅ የሚችል ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ይፈልጋል፣ ለዚህ ወይራ ይመቻል። ወይራ ብዙውን ጊዜ ጠማማ ነው፣ እዚህ ላይ ግን የሚያስፈልገን 70 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ፈልጉ፣ ይገኛል። የእንጨቱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ መሄድ አለበት። መስመሩ በጎን በኩል የሚወጣ ከሆነ የሚሰበረው እዚያው ነው። ለመለማመጃ ከሆነ ቀጥ ያለ የባህር ዛፍ ሞራሌም ይሠራል፣ ዋጋውም አይጎዳም። ለእጀታውም ወይራ። ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ ላይ ዓይናችሁ ካረፈ ከጫካ አስቆርጣችሁ አታምጡ፤ ከተፈጥሮ ደን መቁረጣቸው በሕግ የተገደበ ነው፣ ደግሞም የቤት ዕቃ ቤቶች ቁራጭ ይበቃችኋል።

ማድረቅ። እዚህ ላይ አቋራጭ የለም። እንጨቱንና ቀርከሃውን ጥላ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ነፋስ እንዲያገኘው ደርድሩት። ደረቀ አልደረቀ በመዳሰስ አይታወቅም። በወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን በየሳምንቱ መዝኑት፣ ግራሙን እንጨቱ ላይ በእርሳስ ጻፉ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም አየሩ የሚፈቅደውን ያህል ደርቋል ማለት ነው። ይህ ሥራ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ነው የሚያምረው። ሐምሌ ላይ ሱሉልታ ውስጥ እንጨት ለማድረቅ የሚሞክር ሰው ትዕግሥቱን ይስጠው።

ክንፉን ማጣበቅ

ቀርከሃውን ከውስጥ በኩል በመላጊያ አሳሱት። ቆዳውን አትንኩ። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አቁሙ። ወፍራም ከተተወ ከሆዱ እንጨት በላይ ይበረታል፣ ሆዱም ተጨምቆ በስተመጨረሻ ቀጫጭን የመሰባበር መስመሮች ያወጣል። የወይራውን ቁራጭ ደግሞ የሚጣበቀውን ፊት ፍጹም ጠፍጣፋ አድርጉት፣ ውፍረቱን የምትቀንሱት ከሆዱ በኩል ብቻ ነው። ሁለቱ ተደርበው እጀታው ላይ የሚተኛው 7 ሴንቲ ሜትር 20 ሚሊ ሜትር ይወፍር፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወርዶ ከሥሩ 18 ሴንቲ ሜትር ላይ 14 ይሁን፣ ጫፉ ላይ 10። ሥሩን ወፍራም የምንተወው ብሎን የሚያልፍበት ቦታ ፈጽሞ መታጠፍ ስለሌለበት ነው።

ለማጣበቅ ፎርማ ያስፈልጋል። 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ 5 በ7 ሞራሌ በቂ ነው። ፊቱን ቀጥ አድርጉና ጫፉ ጋ ሲደርስ ቀስ ብሎ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ላጉት። ቀርከሃው ቆዳው ወደ ፎርማው ሆኖ ይተኛል፣ ወይራው ከላይ። እንዲህ ሲጣበቅ የክንፉ ጫፍ ትንሽ ወደ ዒላማው በኩል ይቆለመማል፣ ይህም ቀስቱ ሲሳብ ውስጡ የሚከማቸውን ጉልበት ይጨምራል። ፎርማውን በፌስታል ጠቅልሉት፣ አለበለዚያ ክንፉም ፎርማውም አንድ ላይ ይጣበቃሉ።

ማጣበቂያው ሁለት ቆርቆሮ ሆኖ የሚሸጠው፣ የሚደባለቀው ኤፖክሲ ይሁን፣ ቀስ ብሎ የሚደርቀው ዓይነት። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ተዉት። ነጩ የአናጢ ኮላ ለወንበር ጥሩ ነው፤ ያለማቋረጥ ጫና ሲበዛበት ግን ቀስ እያለ ይንሸራተታል። የእብነ በረድ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ማስቲክም አይሆንም፣ ይሰባበራል። የሚጣበቁትን ፊቶች በ60 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክሯቸው፣ በአሴቶን ጥረጓቸው፣ በተለይ ወይራው ቅባት ስላለው እንዳትዘሉት። ኤፖክሲውን ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው መጠን በሚዛን ደባልቁ፣ በዓይን ግምት አይደለም። ጓንት አድርጉ። ሁለቱንም ፊት ቀቡና ጠቅልሉት።

ለመጠቅለል ከጎሚስታ ቤት አሮጌ የሳይክል ከመነዳሪ ግዙ። 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ረጅም ጥብጣብ ቁረጡትና ከሥር እስከ ጫፍ እየሳባችሁ ጠምጥሙት። በደርዘን ሞርሳ ከማሰር ይሻላል፤ ጫናው በሁሉም ቦታ እኩል ይሆናል። ግን ነፍስ እስኪወጣ አትሳቡት። ኤፖክሲ መሃል ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ መቅረት አለበት፤ ሁሉም ተጨምቆ ከወጣ መገጣጠሚያው ማጣበቂያ ያጥረዋል።

አሁን የኛ ችግር ብርድ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ኤፖክሲ በብርድ ይተኛል፤ ጠዋት ስታዩት ላዩ የጠነከረ ይመስላል፣ ውስጡ ግን አልደረሰም። ጥሩው መላ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ነው። መስኮቱን ዘግታችሁ ፎርማውን የኋላ ወንበር ላይ አስተኙት፣ ቀን ቀን በደንብ ይሞቃል። መኪና ከሌለ ጥቁር ፕላስቲክ ሸፍናችሁ ፀሐይ ላይ አውጡት፣ ማታ ወደ ቤት አስገቡት። በአምፖል የሚሞቅ ሳጥንም ይሠራል፣ መብራት ካልጠፋ። ሁለት ሦስት ቀን ሳይሞላው አትፍቱት።

ማጋጠሚያው

እጀታው ከ4.5 በ7 ሴንቲ ሜትር ወይራ ይወጣል። የእጅ መያዣውን ቅርጽ አሁን አትፈልፍሉ፣ ጎኖቹ ስኳድራ የሚነኩ ቀጥ ያሉ ሆነው ይቆዩ። ቅርጽ ካወጣችሁ በኋላ የምትለኩበት ቀጥ ያለ ፊት አይኖራችሁም።

ክንፎቹ የሚተኙት ወደ ዒላማው በሚያየው የእጀታ ፊት ላይ ነው። በሁለቱም ጫፍ 7 ሴንቲ ሜትር መቀመጫ አውጡ። መቀመጫው ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ጫፉ ሲሄድ 4 ዲግሪ ወደ ተኳሹ በኩል ያዘነብላል፤ መቀመጫው ስር የሚቀረው እንጨት 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። 4 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፣ ክንፉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ከዚህም የሚበልጠው ቁም ነገር ሁለቱ መቀመጫዎች እኩል መሆናቸው ነው። በአንድ ዲግሪ ከተለያዩ የክንፎቹ ጫፎች በአንድ ሴንቲ ሜትር ይለያያሉ፣ ያንን ኋላ በመላግ ለማስተካከል መሞከር ጤነኛውን ክንፍ ማበላሸት ነው። አንድ ትንሽ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ በ4 ዲግሪ ቁረጡና ሁለቱንም መቀመጫ በእሱ ለኩ። መቀመጫው በመስቀለኛ አቅጣጫም ጠፍጣፋ መሆኑን በመስታወት ቁራጭ አረጋግጡ፤ መስታወቱን ጥላሸት ቀቡና ጫኑት፣ እንጨቱ ላይ ጥላሸት የነካው ብቻ ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ እሱን በሞረድ አውርዱ። ሙሉ ፊቱ እስኪጠቁር ድረስ ድገሙት። አሰልቺ ነው። ግን ቀስቱ የሚወለደው እዚህ ነው።

እያንዳንዱ ክንፍ በአንድ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎንና በአንድ ባለ 6 ሚሊ ሜትር የብረት ፒን ይያዛል። ብሎኑ ከእጀታው ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ፒኑ 2 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ። ብሎኑ ይይዛል፣ ፒኑ ክንፉ እንዳይዞር ይከለክላል። ብሎኑ ላይ የሚመጣውን ጫና አቅልላችሁ አትዩት። ክንፉ የእጀታውን ጫፍ መደገፊያ አድርጎ የሚሠራ መፈንቀያ ነው፣ ረጅሙ ጎን 61 ሴንቲ ሜትር፣ አጭሩ 5። በ15 ኪሎ የሚሳብ ቀስት ብሎኑን ወደ 100 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ሊነቅለው ይታገላል። ስለዚህ ጥርሱ እንጨት ውስጥ ብቻ የተያዘ ብሎን አይታመንም። ብሎኑ ክንፉንም እጀታውንም በስቶ ያልፍና በተኳሹ በኩል በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ይያዛል። ዳዶውና ሮንዴላው የሚቀበሩበትን ጉድጓድ ቆፍሩና በኤፖክሲ እዚያው አስቀሯቸው፤ ኤፖክሲው ጥርሱ ውስጥ እንዳይገባ ብሎኑን ግሪስ ቀቡት። ከዚያ በኋላ የምትፈቱት ከዒላማው በኩል ብቻ ነው።

ብሎን ስትገዙ ራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ያለውን ምረጡ፣ የብረቱ የጥንካሬ ደረጃ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ከዞራችሁ ሮንዴላውም ፒኑም ሁሉም ይገኛል። ፒኑን ከተሰበረ ፑንታ ጭራ መሥራት ይቻላል፣ ቀጥ ያለና ልኩ የታወቀ ነው።

የአበሳሱ ቅደም ተከተል ሁሉን ይወስናል። በእጅ ትራፓኖ አትብሱ። የቁም ትራፓኖ ያለው የብረታ ብረት ወይም የእንጨት ቤት ፈልጉና እዚያ አስበሱ፣ ለሻይ የሚሆን ብር ነው የሚጠይቋችሁ። መጀመሪያ የብሎን ቀዳዳ ብቻ ይበሳ፣ እጀታውም ክንፉም ላይ፣ ከመሃል መስመሩ ላይ። የፒኑን አትንኩ። ብሎኖቹን በልኩ አጥብቁ፣ ክንፎቹ በእጅ ሲገፉ ትንሽ እንዲዞሩ። አሁን ከላይኛው ክንፍ ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ ክር ወጥሩ። ክሩ በእጀታው የመሃል መስመር ላይ እስኪያልፍ ድረስ ክንፎቹን አዙሩ። ሲስተካከል ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጥብቁና፣ እንደተጠበቀ፣ የፒኑን ቀዳዳ ክንፉንና እጀታውን በአንድ ጊዜ አስበሱ። ብሎኑና ፒኑ መሃል ያለው ርቀት 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ የግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት የክንፉ ጫፍ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይወጣል። ጫፉን 20 ሚሊ ሜትር ያስተውኳችሁ ለዚህ ነው፤ ትንሽ ዝንፍ ቢል ጫፉን 14 ስታደርጉት አንዱን ጎን ከሌላው አብልጣችሁ በመላግ ክሩን መሃል ትመልሱታላችሁ።

የእጀታውን ጫፍ ስል ጠርዝ በሞረድ አለስልሱት፣ ክንፉን እንዳይበላው። መቀመጫው ላይ ስስ ቆዳ ብትለጥፉ ጥሩ ነው፣ ድምፅም ያፍናል። ከክንፉ ጀርባ፣ ብሎኑ በሚያርፍበት ቦታ፣ ቀርከሃውን ጠፍጣፋ ማድረግ ይቻላል። እዚያ ስለማይታጠፍ ቆዳው ቢነካ ችግር የለውም። ክንፎቹ ላይ “ላይ” እና “ታች” ብላችሁ ጻፉ።

ከዚህ በኋላ እጀታው ላይ እንደ ልባችሁ ሁኑ። መያዣው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከእሱ በላይ ፍላጻው የሚያርፍባት ትንሽ መደርደሪያ፣ ከመሃል መስመሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቀረት ብላ። በዚያ ቦታ የሚቀረው እንጨት ከ2 ሴንቲ ሜትር እንዳይሳሳ።

ገመዱ

ናይለን ይለጠጣል፣ ጉልበት ይበላል። የጫማ ሰፊ ፖሊስተር ክር ይሻላል። አንዱን ክር በሚንጠለጠል ሚዛን እየሳባችሁ በስንት ኪሎ እንደሚበጠስ እዩ። ገመዱ በጠቅላላው ቢያንስ የቀስቱን ጉልበት አራት እጥፍ መቻል አለበት፣ እኔ አምስትና ስድስት እጥፍ ካልሆነ አልተማመንም። አንዱ ክር 8 ኪሎ ቢችል 12 ክር 96 ኪሎ ነው፣ ለ16 ኪሎ ቀስት ይበቃል። ክሩን በሰም አሹት፣ መሃሉንና ጆሮዎቹን በሌላ ክር ጠምጥሙ። ርዝመቱ ከቀስቱ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠር። የክንፉ ጫፍ ላይ ገመዱ የሚቀመጥበትን ቦይ በክብ ሞረድ ቆፍሩ፣ ቀርከሃውን ግን ከጀርባ አትቁረጡ። ትንሽ የከብት ቀንድ ቁራጭ ከላይ ለጥፎ ቦዩን ቀንዱ ላይ ማውጣት ያምራልም፣ ይጠነክራልም።

ማመጣጠን

ሁለቱ ክንፎች እኩልና በሙሉ ርዝመታቸው እንዲታጠፉ ማድረግ ነው። ቀስቱን ግድግዳ ላይ እጀታው በሚያርፍበት እንጨት ላይ አስቀምጡ፣ መጀመሪያ ላላ ባለ ረጅም ገመድ፣ ገመዱን መሬት አጠገብ ባለ መዘውር አሳልፋችሁ ራቅ ብላችሁ ቆማችሁ ሳቡ። ራቅ ብላችሁ ያልኩት በምክንያት ነው፤ የሚሰበር ክንፍ ዓይን አይለይም። መነጽር አድርጉ። ግድግዳው ላይ በከሰል አራት ማዕዘን መስመሮች አስምሩና በየጊዜው በስልክ ፎቶ አንሱ። ዓይን ይሸነግላል፣ ፎቶ አይሸነግልም።

የማይታጠፍ ቦታ ካለ ከሆዱ በኩል እዚያ ላይ ላጉ። በጣም የሚታጠፍ ቦታ ካለ እዚያ አትንኩ፣ የቀረውን ሁሉ ላጉ። በላጋችሁ ቁጥር ቀስ ብላችሁ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ሳቡት፤ እንጨቱ አዲሱን ልኩን የሚያሳየው ከሠራ በኋላ ነው። ከታሰበው ጉልበት በላይ ደግሞ በፍጹም አትሳቡ። ግባችሁ 16 ኪሎ ከሆነ፣ ገመዱ ገና 40 ሴንቲ ሜትር ላይ እያለ ሚዛኑ 16 ካነበበ እዚያ አቁማችሁ ላጉ።

እጃችሁን የምትቆጥቡበት ምክንያት ይሄ ነው፦ የክንፍ ጉልበት ከስፋቱ ጋር እኩል ይጨምራል፣ ከውፍረቱ ጋር ግን በኩብ፤ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። 10 ሚሊ ሜትር የነበረ ክንፍ በሙሉ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢቀነስ 14 በመቶ ያህል ጉልበት ይሄዳል። 16 ኪሎ የነበረው ወደ 13.7 ይወርዳል። ስለዚህ ወደ መጨረሻው መላጊያውን አስቀምጣችሁ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ሥሩ፣ ውፍረቱን በካሊፐር እየለካችሁ።

የሚፈታ ቀስት እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀና መሣሪያ ይሰጣችኋል። አንዱ ጎን ጎበጥ ወይም ጠማማ ብሎ ከታየ ክንፎቹን አቀያይሩ፣ የላዩን ታች፣ የታቹን ላይ። ጥፋቱ ክንፉን ተከትሎ ከሄደ ክንፉ ነው፣ ላጉት። ጥፋቱ እዚያው ከቀረ ግን መቀመጫው ነው፣ ክንፉን አትንኩ፣ ወደ መስታወቱና ወደ ጥላሸቱ ተመለሱ። አቀያይሮ ማየት እንዲቻል የፒኖቹ ርቀት በሁለቱም በኩል አንድ መሆን አለበት፤ በአንድ መለኪያ ቁራጭ ከተበሳ ይሆናል።

ገመዱ ሲወጠር ከእጀታው ያለው ርቀት ከ16 እስከ 17 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አንዱን ጣት ከፍላጻው በላይ፣ ሁለቱን ከታች አድርጋችሁ የምትስቡ ከሆነ የታችኛው ክንፍ ትንሽ ጠንከር ይበል፤ ገመዱ ከላይኛው ክንፍ ሥር ያለው ርቀት ከታችኛው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ልክ ነው። ሲያልቅ በ220 ቁጥር አለስልሱና ሁለት ሦስት እጅ ቫርኒሽ ቀቡ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ውስጥ ጭምር። ክረምት ላይ እርጥበት የሚገባው በእነሱ ነው።

ከመተኮስ በፊት

ያለ ፍላጻ ስቦ መልቀቅ ክልክል ነው። ፍላጻው የሚወስደው ጉልበት ተመልሶ ክንፉ ላይ ስለሚያርፍ አንዴ ብቻ ሊሰብረው ይችላል። ጎረቤት “እስቲ ልሞክር” ሲል መጀመሪያ የምትነግሩት ይህንን ነው። በጣም ቀላል ፍላጻም ተመሳሳይ ጉዳት አለው፤ ለ35 ፓውንድ ቀስት ከ22 ግራም ያላነሰ ይሁን።

ዒላማ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የተጠቀጠቀ የልብስ ስፌት ቤት ቁርጥራጭ ነው። ከኋላው የአፈር ቁልል ወይም ገደል አፋፍ ይኑር። ከተማው ዳር ያለ ሜዳ ባዶ መስሎ በጎች፣ እረኞችና አቋራጭ የሚሄዱ ተማሪዎች ድንገት ብቅ ይሉበታል፣ ስለዚህ አንድ ሰው መንገዱን ይጠብቅ።

ተኩሳችሁ ስትጨርሱ ገመዱን አውርዱ። ቀስት ተወጥሮ አያድርም። በየጊዜው ስትገጥሙት ብሎኖቹን በእጅ ከጠበቁ በኋላ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ፣ ከዚያ በላይ እንጨቱን ይጨምቃል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፍላጻዎች ከተኮሳችሁ በኋላ እንደገና ነካ አድርጉና ላልተው ከሆነ አጥብቋቸው።